ላይኛው አልጋ የማን ነው?

በክሩዝ መርከብ ላይ ያለ የቤተሰብ ክፍል ብዙውን ጊዜ ከ14 እስከ 17 ካሬ ሜትር ቢሆን ነው። መታጠቢያ ቤቱም፣ ቁም ሣጥኑም እዚያው ውስጥ ተቆጥረው። ለሁለት ተከፍሎ ነጠላ ነጠላ መሆን የሚችል ትልቅ አልጋ አለ። ማታ ሲዘረጋ አልጋ የሚሆን ሶፋ አለ። ከግድግዳ ወይም ከጣሪያ ተፈትቶ የሚወርድ፣ በመሰላል የሚወጣበት ታጣፊ አልጋም አለ። አራት ሰው ይተኛበታል ይባላል፤ ይተኛበታልም። ጥያቄው ማን የት ይተኛ የሚለው ነው። ማን ላይ፣ ማን ታች፣ ማን ከማን አጠገብ፣ ማን በር ሥር?

ይህ ከጉዞ በፊት በሻይ ላይ የሚያልቅ ተራ ወሬ ይመስላል። የሚገርመው ግን በዚህ ጥያቄ ላይ ትልልቅ ምክር ቤቶች ተሰብስበው ሕግ አውጥተውበታል። አልጋ በኢንች ተለክቷል፤ የልጆች ዕድሜ ተቆጥሯል፤ ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ፣ ጓደኛና ጓደኛ እያለ ማን ከማን ጋር መተኛት እንደሚችል በአንቀጽ ተዘርዝሯል። እኔ ወደዚህ ታሪክ የገባሁት በራሳችን ቤት ጉዳይ ነው፤ እሱን ወደ ኋላ አነሣዋለሁ። አሁን ከመጀመሪያው ልነሣ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በኢንች የተለካ ሰው

በመርከብ ላይ የመኝታ ታሪክ የስፋት ታሪክ ነው። ርዝመት ላይ ብዙ ክርክር የለም፤ ሰው ቁመቱን አያጥፍም። ስፋት ግን ገንዘብ ነው። እያንዳንዱ ሰው ሦስት ጣት ቢጠብበት፣ በረድፉ መጨረሻ አንድ ተጨማሪ ሰው ይገባል።

በእንግሊዝ ባሕር ኃይል መርከበኞች የሚተኙት በተንጠልጣይ የሸራ መኝታ፣ በሀሞክ ነበር። ሀሞክ ከካሪቢያን ደሴቶች ነባር ሕዝቦች የተወሰደ ነገር ነው፤ ስሙም ከእነሱ ቋንቋ የመጣ ነው። ለአንድ መርከበኛ የሚፈቀደው የመስቀያ ስፋት 14 ኢንች ነበር፤ 36 ሳንቲ ሜትር ያህል ማለት ነው። የተኛውን ሰው ትከሻ እንኳ አይሞላም። ይህ የሠራው ግማሹ ሰው ዘብ ላይ ሲሆን ግማሹ ስለሚተኛ ነው፤ ጎረቤትህ ሥራ ላይ ሲሆን ቦታው ላንተ ይለቀቃል።

ከዚህ የከፋውን መዝለል አይቻልም። በ1788 የእንግሊዝ ፓርላማ ባሪያ ጫኝ መርከቦች በጫኝነት አቅማቸው ልክ ብቻ ሰው እንዲጭኑ የሚወስን ሕግ አወጣ። በዚያው ጊዜ የባሪያ ንግድ ተቃዋሚዎች ብሩክስ የተባለችውን መርከብ ሥዕል አሳትመው በተኑ። ሥዕሉ ውስጥ ለአንድ ወንድ የተሰጠው ቦታ ርዝመቱ 6 ጫማ፣ ስፋቱ 16 ኢንች ነው፤ ለልጆች ከዚያም ያንሳል። በሕጉ መሠረት መርከቧ 454 ሰው መጫን ትችል ነበር። ከሕጉ በፊት ግን ከ600 በላይ ጭናለች። ሥዕሉን ያየ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው የተደረደሩ ጥቃቅን ጥቁር ምስሎችን ነው። ቀረብ ብሎ ሲያይ ሌላ ነገር ይገባዋል፦ ወንዶቹ ለብቻ፣ ሴቶቹ ለብቻ፣ ልጆቹ ለብቻ ናቸው። ባል ከሚስቱ፣ አባት ከልጁ ጋር እንዳይሆን የተደረገበት አደራደር ነው። የአልጋ ድልድል የቤተሰብ መበተኛ መሣሪያ የሆነበት የመጨረሻው ጥግ ይኸው ነው።

አራት ሰው በአንድ ሰሌዳ

በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ከአየርላንድ፣ ከእንግሊዝና ከጀርመን ብዙ ሕዝብ ወደ አሜሪካ ይፈልስ ጀመር። ድሃው የሚሳፈረው ስቲሬጅ በሚባለው ቦታ ነው፤ ከላይኛው ወለል በታች ያለ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ መስኮት የሌለው ሰፊ አዳራሽ። እንጨት እንጨቱን መትተው ሁለት ደርብ መደብ ይሠሩበታል። የተለመደው መደብ ስድስት ጫማ በስድስት ጫማ ሲሆን አራት ሰው ይተኛበታል። ስናካፍለው ለአንድ ሰው 18 ኢንች ይደርሰዋል።

አራቱ ሰዎች እነማን እንደሆኑ የሚጠይቅ አልነበረም። አንድ ቤተሰብ አራት ከሆነ እሰየው። ሦስት ከሆነ አራተኛው የማይታወቅ ሰው ነው። ብቻዋን የተሳፈረች ልጅ ስሙን ከማታውቀው ወንድ አጠገብ ትጋደማለች። ካልፈለገች ሳጥኗ ላይ ቁጭ ብላ ታነጋለች፤ ጉዞው ደግሞ በሸራ መርከብ ከአንድ ወር በላይ ይወስዳል።

በ1847፣ በአየርላንድ ረሃብ ዘመን፣ ስቲቨን ዴ ቪር የተባለ ባለመሬት ተራ መንገደኛ መስሎ ከስደተኞቹ ጋር በስቲሬጅ ወደ ካናዳ ተሻገረ። ያየውን በደብዳቤ ጻፈ። ሽማግሌና ሕፃን፣ ወንድና ሴት፣ ጤነኛና በትኩሳት የሚቃጠል ሰው ያለ ብርሃንና ያለ አየር እንዴት ተጠጋግተው እንደሚተኙ ዘረዘረ። ደብዳቤው ለእንግሊዝ የላይኛው ምክር ቤት ተነበበ። ከዚያ በኋላ በወጡት የመንገደኞች ሕጎች ውስጥ የመኝታ ጉዳይ ዋና ቦታ ያዘ። በ1855ቱ ሕግ ዕድሜያቸው 14 እና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ ከሚስቶቻቸው ጋር የማይተኙ ወንዶች ሁሉ በመርከቡ ፊት በኩል፣ በጠንካራ ግድግዳ በተለየ ክፍል እንዲተኙ ተደነገገ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ የ14 ዓመቱን ልጅ አስባለሁ። ትናንት ማታ ከእናቱ ጎን ነበር፤ ዛሬ በሕግ ጎልማሳ ሆኖ ከግድግዳው ወዲያ፣ ከማያውቃቸው ወንዶች ጋር ነው። ሕጉ ታላቅ እህቱን ከባዕድ ሰው ጠበቃት፤ እሱን ግን ከእናቱ ለየው። ሁለቱንም ያደረገው በአንድ ግድግዳ ነው።

የ1882ቱ ሕግ

ከሁሉም ሕጎች እኔን የያዘኝ አሜሪካኖች በ1882 ያወጡት ነው። ሕጉ የአንድ አልጋ ስፋት ከ2 ጫማ፣ ርዝመቱም ከ6 ጫማ እንዳያንስ ይላል። ከሁለት ደርብ በላይ መደርደር ክልክል ነው። አንድ አልጋ ላይ ዕድሜው ከ8 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ከአንድ በላይ አይተኛም። ቀጥሎ ለሁለት ሰው የሚሆን አልጋ ላይ እነማን መተኛት እንደሚችሉ ይቆጥራል። ሁለት ሴቶች፤ ወይም አንዲት ሴትና ከ8 ዓመት በታች የሆኑ ሁለት ልጆች፤ ወይም ባልና ሚስት፤ ወይም አንድ አባትና ከ8 ዓመት በታች የሆኑ ሁለት የራሱ ልጆች፤ ወይም እርስ በርስ የሚተዋወቁ ሁለት ወንዶች።

ዝርዝሩን ያረቀቀው ሰው ቤተሰብ የሚያውቅ ነው። ሴቲቱ ላይ «የራሷ ልጆች» አላለም፤ አክስት ትሆናለች፣ አያት ትሆናለች፣ የጎረቤት ልጅ ይዛ የምትሻገር ትሆናለች። አባቱ ላይ ግን «የራሱ» ይላል። ወንዶቹ ላይ «የሚተዋወቁ» ይላል። ለእያንዳንዱ ያለው ጥርጣሬ በልኩ ተሰፍሯል።

ከዚያ የታወቀው መለያየት ይመጣል፦ ከሚስቶቻቸው ጋር የማይተኙ፣ ከ14 ዓመት በላይ የሆኑ ወንዶች በመርከቡ ፊት፤ ያላገቡ ሴቶች ደግሞ በሌላ በተከለለ ክፍል፤ የሴቶቹ ክፍል በርም ተዘግቶ መቆለፍ የሚችል እንዲሆን። ይህን ሁሉ ከደነገገ በኋላ ሕጉ አንድ አጭር ዐረፍተ ነገር ያክላል። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ቤተሰቦች ግን ካልፈቀዱ በቀር አይለያዩም።

ኢንቹን፣ ዕድሜውን፣ ግድግዳውንና በሩን የሚያውቀው መንግሥት ነው። ቤተሰቡ መበተኑን ወይም አለመበተኑን የሚወስነው ግን ራሱ ቤተሰቡ ነው። በአንድ ሰሌዳ ላይ አራት ሰው ሲጋደምበት ከነበረው ዘመን በኋላ ተሳፋሪው ለመጀመሪያ ጊዜ አፍ ያለው ሰው ሆኖ በሕግ ሲጻፍ ይታየኛል።

ተግባሩ ግን ከወረቀቱ ጋር አልገጠመም። የአሜሪካ ኮንግረስ ያቋቋመው የስደተኞች ጉዳይ ኮሚሽን በ1911 ባወጣው ሪፖርት ስለ ስቲሬጅ ኑሮ ተጽፏል። የኮሚሽኑ ሠራተኛ አና ሄርክነር ስደተኛ መስላ ተሳፍራ ያየችው ነው። በአሮጌው ዓይነት ስቲሬጅ ተሳፋሪው «የኔ» ሊል የሚችለው ቦታ አልጋው ብቻ ነበር፦ 6 ጫማ ርዝመት፣ 2 ጫማ ስፋት፣ ከላዩም 2 ጫማ ተኩል ክፍተት። እዚያው ይተኛል፣ እዚያው ልብሱን ይሰቅላል፣ እዚያው የምግብ ዕቃውንና ሻንጣውን ያስቀምጣል። አልጋው ቤት ነው። በአዲሱ ዓይነት ስቲሬጅ ግን አዳራሹ በትንንሽ ክፍሎች ተከፋፍሎ፣ ቤተሰብ በሩን ዘግቶ የሚተኛበት ክፍል ማግኘት ጀምሮ ነበር።

ከላይኛው ወለል

ገንዘብ ያለው ሰው ከዚህ ሁሉ ነፃ ነበር ማለት አይደለም። ቻርልስ ዲክንስ በጥር 1842 ከሚስቱ ጋር ብሪታኒያ በተባለችው የእንፋሎት መርከብ ወደ አሜሪካ ሲሄድ የተሰጣቸው ክፍል ሁለት አልጋ አንዱ ካንዱ በላይ የተሰቀለበት ጠባብ ሳጥን ነበር። በጉዞ መጽሐፉ ውስጥ አምርሮ የሚቀልደው በክፍሉ ጥበት ብቻ አይደለም፤ በወኪሉ ቢሮ ያየው ያማረ ሥዕልና እውነተኛው ክፍል ምንም የማይገናኙ በመሆናቸውም ነው። የዛሬ መንገደኛ ይህን ሲያነብ ፈገግ ይላል።

ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን ደግሞ በ1879 ከስኮትላንድ ወደ ኒውዮርክ ሲሻገር ስቲሬጁ 6 ጊኒ፣ ሁለተኛው ክፍል 8 ጊኒ ነበር። በሁለት ጊኒ ልዩነት የሚገኘው ዋናው ነገር መኝታ ነው። የስቲሬጅ መንገደኛ ፍራሹንና ሳህኑን ከቤቱ ይዞ ይመጣል፤ ሁለተኛው ክፍል ያለው ግን ተነጥፎ ይጠብቀዋል።

በእኛ በኩል ባለው ባሕር ደግሞ ሌላ ልማድ ነበር። የስዊዝ ቦይ በ1869 ከተከፈተ በኋላ ወደ ሕንድ የሚሄዱ የእንግሊዝ መርከቦች በቀይ ባሕር ያልፋሉ። አየር ማቀዝቀዣ ባልነበረበት ዘመን የቀይ ባሕር ሙቀት ክፍል ውስጥ አያስተኛም። ስለዚህ ሌሊት ፍራሽ ወደ ላይኛው ወለል ይወጣል፤ ወንዶች በአንዱ ጎን፣ ሴቶች በሌላው ጎን ከዋክብት ሥር ይተኛሉ። ውድ ክፍል የገዙ ባልና ሚስት በሙቀት ምክንያት እንደ ስቲሬጁ ሰው ተለያይተው ያድራሉ።

ቲታኒክ በኤፕሪል 1912 ስትነሣም ድሮ የተሠራው ካርታ አልተለወጠም ነበር። በሦስተኛው ማዕረግ ያላገቡ ወንዶች በመርከቡ ፊት፣ ያላገቡ ሴቶችና ቤተሰቦች ደግሞ በኋላ በኩል ነበሩ። መርከቧ ከ260 ሜትር በላይ ትረዝማለች። በሰላሙ ጊዜ ይህ ለጨዋነት የተደረገ ርቀት ነው። ውኃ ሲገባ ግን ወንድም እህቱን፣ እጮኛ እጮኛውን ለማግኘት ያን ሁሉ ርዝመት በማያውቀው መተላለፊያ መሮጥ ነበረበት። ስለ መኝታ ድልድል ሲታሰብ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ የመጣው ከዚህ ነው፦ ድንገት ቢነቁ ማን ከማን ጋር ይገኛል?

ስደተኛው ሲቀር

አሜሪካ በ1921 እና በ1924 የስደተኞችን ቁጥር በኮታ ገደበች። የመርከብ ኩባንያዎች ስቲሬጅ በአንድ ጊዜ ባዶ ቀረ። ታዲያ ምን ይደረግ? አዳራሹን አጸዱት፣ በሁለትና በአራት አልጋ ክፍል ከፋፈሉት፣ ቀለም ቀቡት፣ ስሙን «የቱሪስት ሦስተኛ ክፍል» አሉት። ለተማሪ፣ ለአስተማሪ፣ አውሮፓን በርካሽ ማየት ለሚፈልግ ሰው ሸጡት። የዛሬው ባለ አራት አልጋ የቤተሰብ ክፍል የዘር ሐረጉ ወደ ላይኛው ማዕረግ ሳሎን አይሄድም፤ ወደዚህ ነው የሚሄደው።

ለደስታ ብቻ መርከብ ላይ መኖር የሚለው ሐሳብ ደግሞ ቀደም ብሎ ተጀምሯል። የሀምቡርጉ አልበርት ባሊን በክረምት የአትላንቲክ ተሳፋሪ ስለሚቀንስ መርከቦቹ ሥራ ፈትተው ሲቆሙ አየ። በጥር 1891 አውጉስታ ቪክቶሪያ የተባለችውን መርከብ 241 እንግዶች ጭኖ ወደ ሜዲትራኒያን ላካት። የሚደርሱበት አገር ሳይሆን መመለሻቸው የታወቀ ጉዞ ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ ጄት አውሮፕላን አትላንቲክን በሰዓታት ሲያሻግር ደግሞ መርከቦቹ ለመኖር የቀራቸው ይኸው የመዝናኛ ሥራ ብቻ ሆነ።

ታጣፊው ላይኛው አልጋም የራሱ ታሪክ አለው። በክሩዝ ሠራተኞች ዘንድ እስከ ዛሬ «ፑልማን» ይባላል። ስሙ የመጣው ከባቡር ነው፤ አሜሪካዊው ጆርጅ ፑልማን በ1860ዎቹ ቀን ወደ ጣሪያው ታጥፎ የሚሰወር፣ ሌሊት የሚወርድ አልጋ ያለው የመኝታ ባቡር አስፋፋ። ላይኛው አልጋ ሁልጊዜም የማይመረጠው ነበር፤ ይሞቃል፣ ይወዛወዛል፣ በመሰላል ነው።

የአማርኛ አንባቢ ላይኛውን አልጋ ሲያስብ ዩኒቨርሲቲ ዶርም ይታየዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ደግሞ ቆጥ ይታየዋል። በገጠር ቤት ውስጥ መደቡ የአባወራው፣ የእማወራዋና የእንግዳው ነው፤ ቆጥ ላይ የሚወጣው እግሩ የሚታዘዝለት ልጅ ነው። እንግዳ ሲመጣ ቤተኛው አልጋውን ለቆ ቁርበት ዘርግቶ ይተኛል። ማንም በወረቀት ባይጽፈውም ይህ ሕግ ነው። የክሩዝ ክፍል ግን ይህን ሕግ ያስቸግረዋል፤ ሁሉም እንግዳ ነው፣ ቁርበት የሚዘረጋበት መሬት የለም።

ኩባንያዎቹ ችግሩን በየዘመናቸው ሞክረውታል። በ1998 ሥራ የጀመረችው ዲዝኒ ማጂክ ከመጀመሪያው ቤተሰብ ታስቦ የተሠራች ነበረች፤ በወላጆች አልጋና በልጆች መኝታ መካከል መጋረጃ አለ፣ ገላ መታጠቢያውና ሽንት ቤቱም በብዙ ክፍሎቿ ለየብቻ ናቸው። ዋጋውም ቢሆን ሰውን ወደ አንድ ክፍል ይገፋል። ክፍሉ የሚተመነው በሁለት ሰው ሒሳብ ነው፤ ሦስተኛውና አራተኛው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያነሰ ይከፍላሉ፤ ብቻውን የሚሄድ ደግሞ የሌላውን አልጋ ጭምር ይከፍላል። አልጋ እያለ «ሞልቷል» የሚባልበት ጊዜም አለ። ከቲታኒክ በኋላ በ1914 የተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነትና ተከታዮቹ በመርከብ ላይ ያለ ሰው ሁሉ የነፍስ አድን ጀልባ ቦታ እንዲኖረው ያስገድዳሉ። ለአንድ አካባቢ የተመደበው ጀልባ ከሞላ፣ አራተኛው አልጋ ባዶውን ተጣጥፎ ይሄዳል።

የእኛ ቤት

አሁን ወደ እኛው ነገር ልምጣ። ሜሪላንድ ነው የምንኖረው፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ14 ዓመት ሴት ልጃችንና የ9 ዓመት ወንድ ልጃችን። እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታ ነበርና ከፍሎሪዳ የሚነሣ የሰባት ሌሊት ጉዞ አሰብን። ለአምስት ሰው ሁለት ክፍል። ዘግይተን ስለነበር የተገኙት ክፍሎች በተለያየ ፎቅ ላይ ነበሩ። እኔ በልቤ የደለደልኩት ቀላል ነበር፦ እማዬ ከልጆቹ ጋር፣ እኔና ባለቤቴ በሌላው።

እማዬ አልተቀበለችም። «ሴቶቹ ባንዱ፣ ወንዶቹ ባንዱ። አለቀ» አለች። ባለቤቴ «እንዳሉ ይሁን እማማ» ብሎ ዝም አለ። እሱ አማቱ ፊት ስለ አልጋ አያወራም፤ እኔም እናቴ ፊት «ከባሌ ጋር ልተኛ» ብዬ አልከራከርም። በእኛ አገር ሰው እንዲህ ያለው ነገር በዝምታ ነው የሚያልፈው። የመቶ ምናምን ዓመቱን የአሜሪካ ሕግ ያገኘሁት በዚያ ሰሞን ነው። እናቴ ሳታውቀው ቃል በቃል እሱኑ ደግማዋለች፦ ወንዶች በፊት፣ ሴቶች በኋላ። የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ፤ ካልፈቀዱ በቀር። ማንን ጠይቀን ነው የፈቀዱት?

ስለዚህ አንድ ቀን ቡና ላይ ሁሉንም በየተራ ጠየቅኋቸው። ልጄ «እስከ ዛሬ ማንም አልጠየቀኝም እኮ!» አለች። እሷ የምትፈልገው ላይኛውን አልጋ ነበር። እኛ ለእሷ ቅጣት ነው ብለን ያሰብነው፣ ለእሷ የራሷ መብራት ያለው ብቸኛው የግል ቦታ ነው። ልጁ መተኛቱ ሳይሆን መሰላሉ ነበር የሚያሳስበው፤ ሶፋው ይበቃዋል። እማዬ ተራዋ ሲደርስ ስኒዋን አስቀመጠች።

«እኔ ጨዋነቱን ብቻ ብዬ መስሎሽ ነው?» አለችኝ። «ሁለቱን ልጆች ለኔ ትታችሁ ሌላ ፎቅ ልትሄዱ ነው። እግዜር አያድርገውና መርከቡ አንድ ነገር ቢሆን፣ እኔ አሮጊቷ በዚህ ጉልበቴ የትኛውን በየትኛው እጄ ልያዝ?»

ማንም አልሳቀም። ባለቤቴ ተነሥቶ ስልኩን አነሣ። ጉዞውን በአንድ ሳምንት ስንገፋው በውስጥ በር የሚገናኙ ሁለት ክፍሎች ተገኙ፤ ዋጋው ከፍ አለ፣ ከፈልን። ከዚያ ድልድሉ ራሱን ሠራ። እማዬ ከልጅቷ ጋር፤ እሷ ታችኛው አልጋ ላይ፣ ልጅቷ ላይ። እኔና ባለቤቴ በወዲያኛው፣ ልጁ ሶፋው ላይ። እማዬ ሌሊት በአሥር ሰዓት ለጸሎት ትነሣለች፤ «እቀሰቅሳታለሁ» ብላ ስትጨነቅ፣ ልጅቷ «አያቴ፣ እኔን መድፍም አይቀሰቅሰኝ» አለቻት። የቀረው ችግር ምሥራቅ ነበር። መርከብ አቅጣጫውን ይለውጣልና ትናንት ምሥራቅ የነበረው ግድግዳ ዛሬ ሰሜን ይሆናል። ልጁ በየማታው በስልኩ እየለካ የምሥራቁን ግድግዳ ሊነግራት ኃላፊነት ወሰደ።

በጉዞው የአማትና የአማች መተፋፈር አልጠፋም፤ የውስጡ በር ማታ ማታ ገርበብ እንዳለ ስለሚያድር ባለቤቴ ከነቱታው ነው የተኛው። እኔና እሱም ብቻችንን የምንሆንበት ሳምንት አልሆነም። ግን ሌሊት ስነቃ በበሩ ስንጥቅ የእማዬን የጸሎት ሹክሹክታ እሰማ ነበር፤ እሷም የእኛን ትንፋሽ ትሰማለች ማለት ነው። የ1882ቱ ሕግ በሩ የሚቆለፍ እንዲሆን አዘዘ። እኛ ደግሞ ገንዘብ የጨመርነው በሩ እንዲከፈት ነው። ሁለቱም ለአንድ ዓላማ ነው፤ የተኛ ሰው እንዳይሠጋ።

መጠየቅ

ይህን ታሪክ ካነበብኩ በኋላ ስለ ስፋት ያለኝ ግምት ተለውጧል። 14፣ 16፣ 18፣ 24 ኢንች፤ ከዚያ ተዘርግቶ የሚወርድ አልጋና መጋረጃ። ቁጥሩ ማደጉ ጥሩ ነው፤ ግን ከቁጥሩ ጋር ያደገው ሌላ ነገር የመጠየቅ መብት ነው። ብሩክስ ላይ የተጫነውን ሰው የጠየቀው የለም። በአራት ሰው ሰሌዳ ላይ የተጋደመችውን ልጅ የጠየቃት የለም። በ1882 ቤተሰቡ ይጠየቅ ተባለ። ዛሬም ቢሆን መጠየቁ ለሁሉም አልደረሰም። ቀይ ባሕር ላይ ያ ሁሉ ባለገንዘብ ፍራሹን አውጥቶ ባደረበት ውኃ አጠገብ፣ ከጅቡቲ ኦቦክ ወደ የመን በትንሽ ጀልባ የሚሻገሩ የአገሬ ልጆች አሉ። እነሱ የሚለኩት በኢንች አይደለም፤ ጉልበታቸውን አጥፈው በተቀመጡበት ያነጋሉ። ማን ከማን አጠገብ እንደሚሆን የሚወስነው ደላላው ነው።

ስለዚህ ከቤተሰቡ ጋር በመርከብ ለመሄድ የሚያስብ ሰው ቢጠይቀኝ የምመክረው ቀላል ነው። ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት ክፍሉ ውስጥ ያለውን አልጋ ዓይነት በስሙ አረጋግጥ፤ «አራት ሰው ይተኛል» የሚለው ብቻ አይበቃም፤ የዲክንስን ሥዕል አትርሳ። ትልቁ አልጋ ለሁለት መከፈል ይችል እንደሆነ፣ ሶፋው የአንድ ይሁን የሁለት፣ ላይኛው አልጋ ሲወርድ ታችኛው ላይ ያለው ሰው ቀና ብሎ መቀመጥ ይችል እንደሆነ ጠይቅ። ባሕር የሚያምመው ሰው ካለ በመርከቡ መሐል፣ ዝቅ ባለ ፎቅ ያለ ክፍል ያዝ፤ ንቅናቄው እዚያ ይቀንሳል። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ታች፣ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ቅርብ። ትንሽ ልጅ ላይ አይሁን። ሁለት ክፍል ከሆነ በየክፍሉ ሌሎቹን ማንሣት የሚችል አንድ ሰው ይኑር።

ከሁሉ በፊት ግን ሰዎቹን ጠይቅ፤ ትንሿንም፣ ዝም ያለውንም፣ «እኔ የትም እተኛለሁ» የሚሉትን እናትም። እሳቸውን ሁለት ጊዜ ጠይቅ። መርከቡ ላይ በመጀመሪያው ቀን የክፍሉ አስተናጋጅ በር አንኳኩቶ አልጋው አንድ ላይ ይሁን ወይስ ይለያይ ብሎ ይጠይቃል። እኛን የጠየቀን ሰው ፈገግ ብሎ መልሱን እስክንሰጠው ቆሞ ጠበቀ።